ጎ ላይ ሁለቱም ግሩፕ አራት ባዶ ነጥብ እያላቸው አንዱ ለምን ይሞታል?

ጥያቄህን ሌሎችም እንዲከታተሉት መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ጎ የሚባለውን በጥቁርና በነጭ ጠጠር ሚጫወቱትን የቦርድ ጨዋታ ከጀመርክ ብዙም አልቆየህም፣ ስልክህ ላይ 9 በ9 ቦርድ ነው ምትጫወተው። አንድ ጨዋታ ላይ ነጭ ነበርክ፣ ጠርዝ አካባቢ ያለው ግሩፕህ፣ ማለትም የተያያዙት ጠጠሮችህ፣ ውስጡ ካሬ የሰራ አራት ባዶ ነጥብ ነበረው፣ ጥቁሩ ዙሪያህን ከቦሃል እንጂ አንድም ጠጠር አልበላብህም፣ ሁለታችሁም ፓስ አላችሁ፣ ማለትም ተራችሁን አሳልፋችሁ ጨዋታው አለቀ፣ ከዛ አፑ ግሩፕህን በሙሉ ሞቷል ብሎ አነሳው። ሌላ ጨዋታ ላይ ደግሞ ውስጡ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ባዶ ነጥቦች የነበሩት ግሩፕህ በህይወት አለ ተባለ። ያልከው እንግዲህ ይሄ ነው፣ ሁለቱም አራት ናቸው፣ ደግሞስ ማንም ሳይበላኝ እንዴት ነው ምሞተው?

እዚህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ፣ አንዱ የቅርጽ ነው ሌላው የህግ። ከቅርጹ እጀምራለሁ ምክንያቱም እሱ ከገባህ የህጉ ነገር ብዙም አያስቸግርህም።

መሰረቱን ታውቀዋለህ ግን አንዴ እንየው። ጠጠር ሚበላው ዙሪያው ያሉት ባዶ ነጥቦች፣ ማለትም መተንፈሻዎቹ፣ በሙሉ ሲደፈኑ ነው። ውጪው ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ግሩፕ ውስጡ አንድ ባዶ ነጥብ ብቻ ካለው ተቃዋሚው እዛች ነጥብ ላይ ይገባና የመጨረሻ መተንፈሻውን ዘግቶ ይበላዋል። ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ካሉት ግን አንዱ ላይ ሊገባ ሲል ሌላው መተንፈሻ ክፍት ስለሆነ የገባው ጠጠር ራሱ ትንፋሽ የለውም፣ ስለዚ መግባት አይችልም፣ ሌላኛውም ላይ እንደዛው። እንደዚህ በራስህ ጠጠር የተከበበ ባዶ ነጥብ ዐይን ይባላል፣ ሁለት ዐይን ያለው ግሩፕ አይሞትም ሚባለው ለዚህ ነው። ዴቪድ ቤንሰን የሚባል ሰው በ1976 ይሄንን በሂሳብ አስቀምጦታል፣ ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ፓስ እያለ ቢቀመጥ እንኳን ማይበላ ግሩፕ የትኛው እንደሆነ ኮምፒውተር ለይቶ እንዲያወጣ ሚያደርግ ዘዴ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ጋ እንምጣ። በጨዋታ መሀል ህያው ምንላቸው ግሩፖች አብዛኞቹ ሁለት ዐይናቸው ገና አልተሰራም። ህያው ነው ስንል ተቃዋሚው ቀድሞ ቢገባበት እንኳን በትክክል ከመለስኩ ሁለት ዐይን አገኛለሁ ማለታችን ነው። ሞቷል ስንል ደግሞ እኔ ቀድሜ ብጫወት እንኳን ሁለት ዐይን አይወጣኝም ማለታችን ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ደግሞ ገና ያልተወሰነ ነው፣ ቀድሞ የተጫወተ ይወስደዋል። አየህ፣ መከበብ ወይም አለመከበብ፣ የባዶ ነጥቡ ብዛት፣ የጠጠሩ ብዛት፣ አንዳቸውም ብቻቸውን መልስ አይሰጡህም። መልስ ሚሰጥህ ጥያቄ "አሁን ትቼው ሌላ ቦታ ብጫወትና እሱ ቢገባብኝ ምን ይሆናል?" የሚለው ነው። ይሄን ጥያቄ ካልጠየቅክ ሁለት ነገር ይደርስብሃል፣ ወይ የሞተ ግሩፕ ላይ ጠጠር ትጨምራለህ ወይ ህያው ግሩፕ ላይ ትጨምራለህ፣ በሁለቱም መንገድ ተራህ ነው ሚባክነው። እኔ እንደማየው ጀማሪዎች ብዙ ጨዋታ ሚሸነፉት በዚህ በሁለተኛው ነው፣ ደህና የሆነን ነገር እየደጋገሙ ደህና በማድረግ።

እሺ፣ በመስመር ያሉትን አራቱን እንይ። ነጥቦቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው፣ ዙሪያው ያንተ ጠጠር ነው፣ ውጪው ተዘግቷል። አንተ ሌላ ቦታ ተጫወትክ፣ ጥቁሩ ገባብህ። አስፈሪው ቦታ መሀል ስለሆነ ለ ላይ ገባ እንበል። አንተ ሐ ላይ ትቀመጣለህ። አሁን መ ብቻውን አንድ ዐይን ሆነ። ሀ እና ለ ደግሞ ሌላኛው ዐይን ናቸው፣ ለ ላይ የሱ ጠጠር ተቀምጣለች ግን የትም አትሄድም፣ ሀ ላይ ሊጨምር ቢል ሁለቱም ጠጠሮቹ መተንፈሻ አይኖራቸውም። ስለዚ በቃ አለቀ፣ ሁለት ዐይን። ሐ ላይ ቢገባስ? አንተ ለ ላይ፣ ያው ነው። ሁለቱ መሀለኛ ነጥቦች ሚያይ ናቸው እንላለን፣ እሱ አንዱን ሲወስድ አንተ ሌላውን ትወስዳለህ። ለዚህ ነው እሱ እስካልገባ ድረስ እዛ ውስጥ መጫወት ማያስፈልግህ። መስመሩ መሀል ላይ ቢታጠፍም ወይም እንደ ዚግዛግ ቢሆንም ነገሩ አይቀየርም፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀጣዩ ጋር እንደ ሰንሰለት እስከተያያዘና ሁለት መሀለኛ ነጥቦች እስካሉት ድረስ። አንድ ልዩ ነገር የታጠፈ አራት ጥግ ላይ ሲሆን ነው፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

አሁን ካሬውን። ከላይ ሀ እና ለ፣ ከታች ሐ እና መ። እዚህ አንተ ራስህ ቀድመህ እንድትጫወት ልፍቀድልህ። ሀ ላይ ተጫወትክ። የቀረው ለ፣ መ፣ ሐ ነው፣ የታጠፈ ሶስት፣ መሀሉ መ። ጥቁሩ መ ላይ ይገባል። ከዛ ለ ላይ ብትጫወት፣ ሐ ላይ ብትጫወት፣ ያችን ጠጠር ብትበላትም ሚቀርህ አንድ ዐይን ብቻ ነው። በሌላኛው ነጥብ ብትጀምር ቦርዱን ማዞር ነው እንጂ ለውጥ የለውም፣ አራቱም ነጥቦች አንድ አይነት ናቸው። እንግዲህ አንተ ቀድመህም ካልተረፍክ እሱ ለምን ይጫወታል? አይጫወትም። እዛ ግሩፕ ውስጥ ጥቁሩ አንድም ጠጠር ያላስገባው ስለረሳው ሳይሆን ስላላስፈለገው ነው። ጥሩ ተጫዋች ሞቶ ያለ ግሩፕ ላይ ተራውን አያባክንም።

ከአራት ወረድ ስትል ሶስት ነጥብ አለ፣ ቀጥ ያለም ይሁን የታጠፈ፣ መሀሉን ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል። 9 በ9 ላይ በጣም ሚደጋገመው ይሄ ነው፣ ስለዚ ሶስት ባዶ ነጥብ ይዘህ ስታገኘው ጊዜ አትስጠው፣ መሀሉ ላይ ተቀመጥ። አራት ሆኖ አንዱ ነጥብ ሶስቱን በሚነካበት ቅርጽ፣ ማለትም መሀል ላይ አንድ ነጥብና ከሱ ሶስት ቅርንጫፍ፣ እሱም እንደዛው ነው፣ መሀሏን ቀድሞ የያዘ። አምስትም ሆኖ ሊሞት ይችላል፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምስት ወይም ካሬው ላይ አንድ ነጥብ የተለጠፈበት አምስት ተቃዋሚ ዋናውን ነጥብ ቀድሞ ከያዘ ይሞታል። ካሬው ላይ በተለጠፈው አምስት ዋናዋ ነጥብ ሶስት ጎረቤት ያላት ነጥብ ናት። ስድስትም ሆኖ እንኳን አበባ የመሰለ ቅርጽ አለ፣ መሀሉ ላይ ከተገባበት አይተርፍም። ሁለት በሶስት የሆነው ስድስት ግን ቦርዱ መሀል ወይም ጠርዝ ላይ ህያው ነው፣ ጥግ ላይ ሆኖ የውጭ መተንፈሻ ከሌለው ግን ተጠንቀቅ፣ እዛ ተቃዋሚ ቀድሞ ከገባ ችግር ይመጣል። ይሄን ሁሉ በቃልህ እንድትይዝ አይደለም ምነግርህ፣ የሁሉም ምክንያት አንድ ስለሆነ ነው። ቅርጹ ውስጥ ብዙ ጎረቤት ያላት አንዲት ነጥብ ካለች እሷ ስትወሰድ ቀሪው ለሁለት አይከፈልልህም። የተሰበሰበ ቅርጽ ይሞታል፣ የተዘረጋ ቅርጽ ይኖራል ብለህ ብትይዘው ብዙ አትሳሳትም።

ቀጥሎ ሰው ሚስተውን ነገር ልንገርህ፣ የውሸት ዐይን። ዐይን መስሎህ የቆጠርከው ነጥብ ዙሪያውን አራቱም ጎን ያንተ ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ ግን ጠጠሮቹ እርስ በርስ ሚያያዙት በሰያፍ ያሉት ነጥቦች ላይ ነው። ቦርዱ መሀል ላይ ያለ ዐይን አራት ሰያፍ ነጥቦች አሉት፣ ተቃዋሚው ከነሱ ሁለቱን ከያዘ ዐይኑ ውሸት ነው። ጠርዝ ላይ ሰያፎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱን ከያዘ በቂው ነው። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ብቻ ናት፣ እሷ ከተያዘች አለቀ። ለምን መሰለህ፣ ሰያፉ ሲያዝ የተወሰኑት ጠጠሮችህ ከዋናው ግሩፕ ተነጥለው አንድ መተንፈሻ ብቻ ይቀራቸዋል፣ አታሪ ይባላል፣ ያኔ አንተው ራስህ እየሮጥክ ዐይንህን በጠጠርህ ትደፍናለህ። ጨዋታ ላይ ሳስተምር ደጋግሜ ማየው ይሄንን ነው፣ ሰው ሁለት ዐይን አለኝ ብሎ ተረጋግቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ከሰባት ስምንት ተራ በኋላ አንዷ ስትደፈን ነው ሚነቃው። ስለዚ ዐይን ስትቆጥር አራቱን ጎን ብቻ ሳይሆን ሰያፎቹንም ቁጠር፣ ያልተያዘ ሰያፍ ካለ ደግሞ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ ተመልከት።

ግሩፑ ገና ክፍት ሲሆንስ? ያኔ ውስጡ ስንት ነጥብ እንዳለ እንኳን አይታወቅም። ለዚህ የድሮ ተጫዋቾች አንድ መለኪያ አላቸው። ከጠርዙ ሁለተኛው መስመር ላይ ተደርድሮ ሁለቱም ጫፉ የተዘጋበት ስድስት ጠጠር ይሞታል፣ ስምንት ይኖራል፣ ሰባት ከሆነ ተራው የማን ነው የሚለው ይወስነዋል። ጥግ ይዞ ከሆነ ደግሞ አራት ይሞታል፣ ስድስት ይኖራል፣ አምስት ላይ እንደገና ተራ ነው። ጥግ ሁለት ጠጠር ይቆጥብልሃል ማለት ነው። ግሩፕ መግደል ስትፈልግ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ከውጪ በጠርዙ በኩል ገብተህ ቦታውን ታጠባለህ፣ ሀኔ ሚሉት ጨዋታ፣ ከዛ የቀረው ቅርጽ ዋና ነጥብ ላይ ትገባለህ። ሁልጊዜ አይደለም ግን ካላወቅክ ከዚህ ጀምር። ጥግ ላይ ከሆንክ ደግሞ ከአንዱ ጠርዝ አንደኛ ከሌላው ሁለተኛ መስመር ላይ ያለችው ነጥብ፣ ሁለት-አንድ ሚሏት፣ ብዙ ጊዜ ቁልፏ እሷ ናት፣ መጀመሪያ እሷን ሞክር።

አሁን ጥቂት ሰው ሚያስበው ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ ይሄ እንዲገባህ እፈልጋለሁ። ያንተ ካሬ ግሩፕ ሞቷል ያልነው የከበበህ ጥቁር ግሩፕ ራሱ ህያው ነው ብለን ነው። እሱ ህያው ካልሆነ ጨዋታው ወደ ሩጫ ይቀየራል፣ ማን ቀድሞ ማንን ይበላል። እና በሩጫ ላይ ትልቅ ዐይን ትልቅ ሀብት ነው፣ ምክንያቱም ተቃዋሚው ውስጥህ ገብቶ ሲሞላ አንተ በየመሀሉ ትበላዋለህ፣ እሱም እንደገና መሙላት አለበት። ሶስት ነጥብ ያለው ዐይን በሩጫ ላይ ልክ እንደ 3 መተንፈሻ ነው ሚቆጠረው፣ አራት ነጥብ ያለው ግን 5፣ አምስት ነጥብ ያለው 8፣ ስድስት ነጥብ ያለው 12። ቁጥሩ እንዴት እንደሚሮጥ አየህ? የውጭ መተንፈሻ ካለህ እሱ ላይ ይደመራል። ብቻውን ሞቷል ምንለው ካሬ ሩጫ ላይ ሲገባ 5 ተራ ይዞ ነው ሚገባው።

ይሄ የጀማሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። በ2023 ኬሊን ፔልሪን የተባለ አሜሪካዊ አማተር ካታጎ የተባለውን በጣም ጠንካራ የጎ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ በ14ቱ አሸንፎታል፣ ያ ፕሮግራም በተለመደው አጨዋወት ለፕሮፌሽናሎችም ማይቀመስ ነው። ድክመቱን ያገኘው ሌላ ኮምፒውተር ነበር፣ ሰውየው ያንን ተማረና ተገበረው። ዘዴው ፕሮግራሙ ሌላውን ከቦ ይዞ እያለ ያ የከበበበት ቀለበት መሰል ግሩፕ ራሱ ከውጪ ቀስ እያለ እንዲከበብ ማድረግ ነው፣ በየመሀሉ ሌላ ቦታ እየተጫወተ ሀሳቡን ይወስድበታል። ፕሮግራሙ ከባቢው ግሩፕ ደህና ነው ብሎ ስለገመተ ሚነቃው ከረፈደ በኋላ ነው። የከበበው ደህና ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ መርሳት ለማንም ያስከፍላል።

ሁለት ዐይን ሳይኖረው ሚኖር ግሩፕም አለ፣ ሴኪ ይባላል። ያንተ ግሩፕና የሱ ግሩፕ ተጣብቀው፣ ሁለቱም ዐይን የላቸውም፣ በመሀላቸው ሁለት የጋራ መተንፈሻ ብቻ ቀርቷል እንበል። አንተ አንዱን ከሞላህ ራስህን አታሪ ውስጥ ታስገባለህ፣ እሱ ይበላሃል። እሱም ቢሞላ እንደዛው። ስለዚ ሁለታችሁም ትተዉታላችሁ፣ ሁለቱም በህይወት ይቀራሉ። በዚህ ጉዳይ ሌላ ብዙ አልልህም፣ ቦርድህ ላይ አንዴ ሲገጥምህ ይገባሃል።

አሁን ወደ ህጉ። ሳልበላ እንዴት ሞትኩ ላልከው፣ በጃፓን ህግ ነጥብ ሚቆጠረው ከበህ የያዝከው ባዶ ቦታና የማረክካቸው ጠጠሮች ናቸው፣ ስለዚ በራስህ ቦታ ውስጥ ምትጨምራት እያንዳንዷ ጠጠር አንድ ነጥብ ታስከፍልሃለች። ጥቁሩ ያንተን የሞተ ግሩፕ በትክክል ገብቶ ብላ ቢባል፣ አንተ ፓስ እያልክ ብታየው፣ እሱ ምንም ሳያጠፋ ነጥብ ይከስራል። ይሄ ፍትሃዊ ስላልሆነ ሁለቱ ፓስ ካሉ በኋላ የሞቱት ሳይበሉ ይነሳሉና እንደ ምርኮ ይቆጠራሉ። ካልተስማማችሁ በ1989 የወጣው የጃፓን ህግ እያንዳንዱን ግሩፕ በሀሳብ ተጫውቶ ማረጋገጥ ነው ሚለው፣ ከዛ ቦርዱ እንደነበረ ይመለሳል። እዛ ላይ ነው የታጠፈ አራት ጥግ ላይ ሲሆን ልዩ የሚሆነው። ባዶውን ሳይሆን የአጥቂው ጠጠሮች አስቀድመው ውስጡ ገብተው የታጠፈ አራት ሊሰሩ የተዘጋጁበትን ማለቴ ነው፣ ተከላካዩ እዛ ውስጥ ምንም ማድረግ አይችልም፣ አጥቂው ግን በፈለገው ሰዓት ኮ መጀመር ይችላል፣ ኮ ማለት አንዷን ጠጠር እየተቀባበሉ መበላላት ነው፣ ወዲያው መልሶ መብላት ስለማይፈቀድ መሀል ላይ ሌላ ቦታ ማስፈራራት ያስፈልጋል። የጃፓን ህግ ይሄን ቅርጽ ያለ ጨዋታ እንደሞተ ይቆጥረዋል።

በቻይና ህግ ግን ሚቆጠረው ቦርዱ ላይ በህይወት ያለው ጠጠርህና የከበብከው ባዶ ቦታ አንድ ላይ ነው። ስለዚ በራስህ ክልል ውስጥ ጠጠር ብትጨምር አትከስርም፣ ባዶ የነበረው ነጥብ በጠጠርህ ተተካ እንጂ ያው ያንተ ነው። ለጀማሪ እኔ ሁልጊዜ ምመክረው ይሄንን ነው። ኦጂኤስ በሚባለው የኢንተርኔት ጎ መጫወቻ ላይ ጨዋታ ስትከፍት ህጉን መምረጥ ትችላለህ፣ ቻይንኛውን አድርገው። ሞተሃል ሲልህ ካላመንክ ደግሞ የሞቱትን ማንሻው ላይ ሆነህ ጨዋታውን መልሰህ ማስቀጠል ይቻላል፣ ይምጣና ይብላህ፣ እሱም ምንም አይከስርም፣ አንተም በዐይንህ ታየዋለህ። ጥቂት ጊዜ እንደዛ ካየኸው በኋላ ካሬው መሞቱን ማንም እንዲነግርህ አያስፈልግህም።

ለልምምዱ ትሱሜጎ ስራ፣ የህይወትና የሞት እንቆቅልሾች ናቸው፣ ግን ከባዱን አትምረጥ። በአንድ እይታ ምትፈታውን ቀላል ነገር በብዛት መስራት ነው ዐይንህን ሚያሰለጥነው፣ ሳትነካ በሀሳብህ እስከመጨረሻው አንብበህ ከጨረስክ ብቻ ጠጠሩን አስቀምጥ። ገብቼ ልሞክረው የሚል ልምድ አፕ ላይ በጣም ይጎዳል፣ መልሶ ስለሚሰርዝልህ።

አንድ ነገር ግን ከጥያቄህ አልገባኝም፣ ያንን ካሬ ግሩፕህን የከበበው የጥቁሩ ሰንሰለት ራሱ ሁለት ዐይን ነበረው ወይ? የጨዋታው መዝገብ አፑ ላይ ስለሚቀር ተመልሰህ እየው፣ መተንፈሻውንም ቁጠርለት። ዐይን ካልነበረውና ሁሉም የራሱ ብቻ የሆነ፣ ካንተ ጋር የማይጋራው መተንፈሻ 4 ወይም ከዛ በታች ከነበረ፣ ካሬህ 5 ስለሆነ እሱ ቀድሞ ቢጀምር እንኳን ሩጫውን አንተ ነበርክ ምታሸንፈው፣ ፓስ ያልከው በጊዜው አልነበረም ማለት ነው። ልክ 5 ከነበረ ቀድሞ የጀመረው ይወስደዋል። ከዛ በላይ ከነበረ ወይም ሁለት ዐይን ከነበረው አፑ በትክክል ነው ያነሳብህ።